«ግሩወሊንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጉሙ፣ አገባቡና ምንጩ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ስለተደረገው የሴቶች ማራቶን የሚያወሳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ እኩለ ሌሊት ገደማ ቢጀመርም ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው በመውጣታቸው ጸሐፊው ሩጫውን «ግሩወሊንግ» ብሎታል። ባልደረባዬ «አሰልቺ» በለው ይለኛል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፦ «አሰልቺ»ን ይተዉት። አሰልቺ የሚባለው ቀልብ የማይዝ ነገር ነው፤ ግሩወሊንግ ግን ለረጅም ጊዜ ጉልበትንም መንፈስንም እያሟጠጠ ሰውን እጅ እስኪሰጥ ድረስ የሚፈትን ነገር ነው። ቅጽሉ የሚገልጸው ድካሙን ያመጣውን ጉዳይ እንጂ የደከመውን ሰው ስላልሆነ፣ ሯጯ ራሷ ግሩወሊንግ ልትባል አትችልም። ሩጫው፣ የልምምድ መርሐ ግብሩ፣ ወይም ምስክሩ ቀኑን ሙሉ በመስቀለኛ ጥያቄ የተፋጠጠበት የችሎት ውሎ ግን ይባላል። ለቀላል ድካም አይመረጥም።

የመዝገበ ቃላት ወዳጅ፦ ሥሩ «ግሩወል» የሚለው ስም ነው፤ ይህም በተለይ ከአጃ የሚሠራ፣ በውሃ ቀጥኖ የሚፈላ፣ የኛን አጥሚት የሚመስል ምግብ ሲሆን ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በአራዳ አነጋገር «ግሩወሉን አገኘ» ሲባል «ቅጣቱን ተቀበለ» ማለት ነበር። ቅጽሉም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከዚሁ ተወለደ። አጥሚት ለአራስ ሲቀርብ እያየ ላደገ ሰው ምግቡ የቅጣት ስም መሆኑ ግር ይላል፤ ነገር ግን እኛስ «ዱላ ቀመሰ»፣ «አሳሩን በላ» እንል የለ?

ከበርሚንግሃም፦ እዚህ ስሰማ የኖርኩት፣ ቃሉ እ.ኤ.አ. ከ1834ቱ የእንግሊዝ የድሆች ሕግ (የድሆችን እርዳታ ከሚሠሩበት መጠለያ ጋር ካያያዘው ሕግ) በኋላ በድሆች መጠለያ ይታደል ከነበረው ቀጭን ግሩወል የመጣ ነው ሲባል ነው።

የመዝገበ ቃላት ወዳጅ፦ እህቴ፣ ምግቡ በመጠለያዎቹ መታደሉ እውነት ነው። አባባሉ ግን ከዚያ ሕግ በፊት ይነገር ስለነበር ዘመኑ አይገጥምም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ «አቅም አሟጣጭ ማራቶን» ብለው ያስኬዳል?

የጋዜጣ አራሚ፦ ያስኬዳል፤ ለደረቅ ዜና ግን «እጅግ አድካሚ» ይበቃል። የስፖርት አምድ ከሆነ «ሯጮቹን አሳር ያበላው ማራቶን» የሚለውን ይሸከመዋል፣ እኔም ብሆን አልሰርዘውም። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደሉ የሚጠቅሱት ከሆነ፣ እንግሊዞች በሁለት «ኤል» አሜሪካውያን በአንድ ስለሚጽፉት የጽሑፉን አጻጻፍ ተከትለው ያስቀምጡት።