ክርክር፦ ኦዲት ክፍል ውስጥ ወይስ ሥራ ላይ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
አንድ የረጅም ጊዜ ኦዲተር ለተመራቂ ተማሪዎች የተናገረውን ሰምታችኋል? «ኦዲት ሥራ ላይ ይለመዳል። ኮሌጅ ሁለት ኮርስ መስጠቱ ጊዜ ማባከን ነው፤ ቦታውን ለታክስና ለሶፍትዌር ልቀቁት» አለ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሰው አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣው እኛ በምንፈርምበት ወረቀት ነው። እንዴት «ይለመዳል» ይባላል?

ሚዛን፦
ምኑ ያናድዳል? እውነቱን ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ሽምደዳ ነው። አራቱ የኦዲት አስተያየቶች፦ አንኳሊፋይድ፣ ኳሊፋይድ፣ አድቨርስ፣ ዲስክሌመር። ፈተና ላይ ጽፈን ወጣን። ሥራ ስገባ ዎርኪንግ ፔፐር (ኦዲተሩ የሠራውን የሚመዘግብበት ወረቀት) እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር።

የማታ ተማሪ፦
ታዲያ ጥፋቱ የትምህርቱ ነው ወይስ የአሰጣጡ? በደንብ ካልተሰጠ በደንብ ይሰጥ እንጂ ለምን ይቀነሳል?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ሚዛን፣ ሥራ ላይ የሚለመደው ምንድን ነው? ጀማሪ ሲቀጠር ያለፈው ዓመት ፋይል ይሰጠዋል። ቁጥሩን ቀይሮ ያስረክባል። ናሙናው ለምን ያን ያህል እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

ቫውቺንግና ትሬሲንግን እንይ። ከሌጀር (ከሒሳብ መዝገቡ) ተነስተህ ወደ ሰነዱ ከሄድክ ቫውቺንግ ነው፤ የተመዘገበው ሽያጭ እውነት መሆኑን ነው የምታጣራው። ከዕቃ ማስረከቢያው ተነስተህ ወደ ሌጀር ከመጣህ ደግሞ ትሬሲንግ ነው፤ የምታጣራው ሳይመዘገብ የቀረ መኖሩን ነው። ወረቀቶቹ እነዚያው ናቸው፤ አቅጣጫው ሲቀየር ጥያቄው ይቀየራል። ዕዳውን የደበቀ ድርጅት ላይ ከሌጀር እየተነሳህ ዓመት ሙሉ ብትፈትሽ ምንም አታገኝም። ሌጀሩ ላይ የለማ! የሪፖርት ቀን የደረሰበት ሲኒየር (የጀማሪው የቅርብ አለቃ) ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው መቼ ነው?

ሚዛን፦
የእኔ ሲኒየር አስረድታኛለች። ያውም በእውነተኛ ሰነድ። መምህሬ ያንኑ ነገር በስላይድ ሲያሳየኝ ግን አልገባኝም ነበር።

የማታ ተማሪ፦
ጥሩ ሰው ገጥሞሃል ወንድሜ። ሁሉም እንዲህ አይገጥመውም። ትምህርት ደግሞ በዕድል መሆን የለበትም።

ቆጣሪ፦
«ይለመዳል» ላላችሁ፣ ልማድ የት እንዳደረሰ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 የአሜሪካው የመድኃኒት ኩባንያ የማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ ጉድ ወጣ። ከ87 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ የሌለ ነበር፤ የሌለ ክምችትና የሌለ ተሰብሳቢ ሒሳብ። ኦዲተሮቹ በዘመኑ የተለመደውን ነው የሠሩት። ልማዱ መጋዘን ገብቶ ማየትን፣ ለባለዕዳው ጽፎ ማረጋገጥን አያስገድድም ነበር። ሁለቱም ግዴታ የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ከሥራ ባልደረባው ብቻ የሚማር ሰው፣ ባልደረባው የተሳሳተ ነገር ለምዶ ከሆነ በምን ያውቃል?

ሚዛን፦
ሒሳቡን ያጭበረበረውን የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ኤንሮንን ኦዲት ያደረገው ድርጅት፣ አርተር አንደርሰንስ? ኮሌጅ ባልተማሩ ሰዎች የተሞላ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2001 ኤንሮን ሲፈርስ የፈረሙት በደንብ የተማሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሐቀኛ አያደርግም።

ቀይ እስክሪብቶ፦
ሐቀኛ ያደርጋል ያለ የለም። የገለልተኝነት ነገር ግን የኦዲት ትምህርት ዋና ክፍል ነው። አንደርሰን ከዚያው ደንበኛ የማማከር ክፍያም ይወስድ ነበር። ይህ ለምን አደገኛ እንደሆነ ከዚያው ክፍያ ደመወዝ የሚበላ አለቃ ያስተምረኛል ብለህ ታስባለህ?

ዳታ ልጅ፦
እናንተ ስለ ወረቀት ትከራከራላችሁ። አሁን ሶፍትዌሩ ናሙና አያስፈልገውም፤ ግብይቱን 100 በመቶ ይፈትሻል። ተማሪው ኤክሴልና ዳታ ቢማር ይሻለዋል።

ቆጣሪ፦
100 በመቶ የምንድን ነው? የተመዘገበው። ቀይ እስክሪብቶ የጻፈችውን መልሰህ አንብበው። የጀርመኑ የክፍያ ኩባንያ ዋየርካርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወድቅ የጠፋው 1.9 ቢሊዮን ዩሮ መዝገቡ ላይ ነበር፤ ያልነበረው ባንክ ውስጥ ነው። ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ 505 ለባንክና ለመሳሰሉት የሚላከውን ማረጋገጫ ደብዳቤ ኦዲተሩ ራሱ ይቆጣጠረው የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ዳታ ልጅ፦
ማጭበርበር ማግኘት የኦዲተር ሥራ አይደለም እኮ። እ.ኤ.አ. በ1896 በኪንግስተን የጥጥ ፋብሪካ ጉዳይ የእንግሊዝ ዳኛ ተናግሯል። «ጠባቂ ውሻ እንጂ አነፍናፊ አዳኝ አይደለም» ብሎ።

ቆጣሪ፦
ያንን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አንብበው። ኦዲተሮቹ የክምችቱን መጠን ሥራ አስኪያጁ ፈርሞ በሰጣቸው ወረቀት ነው የተቀበሉት። ክምችቱ ተጋንኖ ነበር። እነሱም በነፃ ተለቀቁ። ዛሬ እንደዚያ ብትሠራ ሥራህ ኦዲት አይባልም።

ዳታ ልጅ፦
ስታንዳርድ 240ስ? ማጭበርበርን የመከላከል ዋናው ኃላፊነት የድርጅቱ አመራር ነው ይላል።

የማታ ተማሪ፦
እሱ ላይ አያቆምም! ኦዲተሩ የሒሳብ መግለጫው በማጭበርበርም ሆነ በስሕተት ከመጣ ትልቅ መዛባት ነፃ መሆኑን ምክንያታዊ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት ይላል። ግማሹን ጠቅሰህ ግማሹን አትተው።

ሚዛን፦
ዳታ ልጅ ልክ ነው። ሕዝቡ ኦዲተርን ፖሊስ አድርጎ ያየዋል። ክስ ሲመጣ ግን የምንጠየቀው እኛ ነን።

ቀይ እስክሪብቶ፦
እንግዲያው የምትጠየቅበትን ነገር ሳትማር ለምን ትፈርማለህ?

ሚዛን፦
ጀማሪ አይፈርምም፤ ፓርትነሩ (የኦዲት ድርጅቱ ባለድርሻ) ነው የሚፈርመው።

ቆጣሪ፦
ፓርትነሩ የሚፈርመው አንተ ቆጥረህ ባመጣኸው ላይ ነዋ።