ቢጫነቱ ያልለቀቀው ልጄ፦ የካሳይ ቀዶ ጥገና ያሠራችሁ ወላጆች እባካችሁ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ልጄ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ዓይኑ እስካሁን ቢጫ ነው። ሁሉም «ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል» ይለኝ ነበር። ሰገራው ግን እንደ ኖራ የነጣ ነው፣ ሽንቱም ጠቁሯል። አሁን ሐኪሙ ቢሊያሪ አትሬዢያ ሳይሆን አይቀርም አለኝ፤ ከጉበት ሐሞት የሚያወርደው ቱቦ ተደፍኖ ማለት ነው። ካሳይ የሚባለው ቀዶ ጥገና አንጀቱን ከጉበቱ ጋር ያገናኛል፤ ሁለት ወር ሳያልፍ ሲሠራ ውጤቱ የተሻለ ነው። እንቅልፍ የነሳኝም ይሄው ነው።

ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎልኛል፤ ነገ ሌሊት እንነሳለን። እዚያ ያሠራችሁ አላችሁ? ስደርስ ወዴት ልሂድ፣ ድንገተኛ ክፍል ወይስ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና? ወረፋውስ? ደም እንዳይፈሰው ቫይታሚን ኬ ከመንገዱ በፊት እንዲሰጠው ልጠይቅ? አደራ፣ የምታውቁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።