ከአሜሪካና ከዱባይ ፕሌይስቴሽን ለምትልኩ፦ ለአዲስ አበባ ቤት የቱ ይሻላል?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አዲስ አበባ ያለው ልጅ የሚያዘው ዕቃ የታወቀ ነው። ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ)። ዘመድም ሱቅ ይገባና "አዲሱ የቱ ነው?" ብሎ ይገዛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ዋይፋይ አለ ወይ፣ መብራትስ እንዴት ነው የሚለውን ነው። ሜሪላንድ አሪፍ የነበረው ማሽን ጉለሌ ሲደርስ የቡፌ ጌጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሲዲ የማይወስድ ማሽን አትግዙ። ሌላውን ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ፒኤስ 5 ዲጂታልና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ረከስ ስለሚሉ ዓይን ይስባሉ፣ ግን ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም፤ ጌሙ በሙሉ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ከትልልቆቹ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት የሚያልፉ አሉ። አሜሪካ ያለ ሰው ማታ ከፍቶት ይተኛል፣ ጠዋት ወርዶ ያገኘዋል። በሞባይል ፓኬጅ ግን፣ የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ለአንድ ጌም ይኼን ሁሉ ዳታ ማን ይጨርሳል? ሲሪስ ኤስ ጭራሽ ከካርቶን ወጥቶ ገና ሲከፈትም ኢንተርኔት ካላገኘ አይሆንም። ውዱ ፒኤስ 5 ፕሮም ማስገቢያው ለብቻው ነው የሚገዛው። ለብቻ የተገዛ ማስገቢያ ደግሞ ሲገጠም አንዴ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት፤ ስለዚህ እዚያው ገጥማችሁ፣ አፕዴት አድርጋችሁ ላኩት።

የኔ ምርጫ ያገለገለ ፒኤስ 4 ነው፣ ከተወሰኑ ሲዲዎች ጋር። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፣ አርጅቷል። ግን የኳስ ጌሙ ኤፍሲ 26 እንኳ ለፒኤስ 4 ወጥቷል፣ ለብዙው የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ፒኤስ ማለት ኳስ ነው። ሰፈር ውስጥ ጓደኛም ጌም ቤትም ስላለው ሲዲ መዋዋስ ይቻላል፣ ጆይስቲክ ሲበላሽም የሚነካካ ሰው አይጠፋም። የፒኤስ 4ም የፒኤስ 5ም ሲዲ የትም አገር ቢገዛ ይሠራል። አቅም ካላችሁ ሲዲ የሚወስደው ፒኤስ 5 የፒኤስ 4ን ጌሞች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያጫውታል። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ግን የፒኤስ 5 ጌም አይጫወትም፣ ለሁለተኛ ጆይስቲክ በጀት ያዙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አካውንቱ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ሁሉም አሜሪካ ወይም ኤምሬትስ ብሎ ይከፍታል። ጌም የሚገዛበት የአሜሪካ ጊፍት ካርድ ለአሜሪካ አካውንት ብቻ ነው፣ የኤምሬትስም ለኤምሬትስ። ከዱባይ የተገዛ ሲዲ ደግሞ ራሱ ይጫወታል፣ ለዚያው ጌም ከአሜሪካ አካውንት የገዛችሁትን ተጨማሪ ነገር ግን ላይቀበለው ይችላል። እና አካውንቱን ካርድ የሚልከው ዘመድ ባለበት አገር ክፈቱት። አጎት ቨርጂኒያ ከሆነ አሜሪካ፣ እህት ሻርጃ ከሆነች ኤምሬትስ።

መብራትን በተመለከተ፣ አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ፒኤስ 4፣ ፒኤስ 5፣ ሲሪስ ኤስና ኤክስ፣ የኒንቴንዶ ስዊች (በእጅ ተይዞም የሚጫወቱበት ማሽን) ቻርጀርም ሁለቱንም ይችላሉ፤ የሚቀየረው የሶኬቱ ጥርስ ብቻ ነው። የዱባዩ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስም አዳፕተር ይፈልጋል። አደገኛው ከምድር ቤት አቧራው ተራግፎ የሚላከው የአሜሪካ ኤክስቦክስ 360 ነው፤ የኃይል ሳጥኑ ለ220 አልተሠራም፣ ልክ እንደ አሜሪካ ብሌንደር፣ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከሰካችሁት አለቀለት። ስታብላይዘር ቢኖርም መብራት ሲሄድ ማሽኑን ንቀሉ፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው የሚጎዳው። ረስት ሞድ (ሳይጠፋ የሚተኛበት) ላይም አትተዉት፣ በደንብ አጥፉት።

መብራት በጣም የሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆነ ኒንቴንዶ ስዊች አስቡ። የራሱ ባትሪ አለው፣ የመጀመሪያው ስዊች የኋለኞቹ ሞዴሎች (ላይት የሚባለውን ሳይጨምር) እንደ ጌሙ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያሉ፣ ጨለማ ውስጥም ልጆቹ ይጫወታሉ። ችግሩ የኒንቴንዶ ጌም ዋጋው በቀላሉ አይወርድም፣ ሰፈር ውስጥም የሚያውስ አታገኙም። ስዊች 2 ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በሲዲ ፋንታ የሚገባው የጌም ካርድ አንዳንዱ ውስጡ ጌሙ የለም፣ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ስለሚጻፍ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

በሻንጣ ስትልኩ ስዊችንና ጆይስቲኮቹን በእጅ ሻንጣ አድርጓቸው፣ ባትሪ አላቸው። ፒኤሱን በልብስ ጠቅልሉት፣ ካርቶኑ ቦታ ይበላል። የኤችዲኤምአይ ገመዱ ሻንጣው ውስጥ መግባቱን ግን እዩ።