ሐኪም በማይበረክትበት አካባቢ የሚቆይ ባለሙያ ከየት ይምጣ?

ጠያቂው፦
ሰላም ናችሁ? ሐኪም በሌለበት አካባቢ የሚመደቡ ባለሙያዎች ግዴታቸውን እንደጨረሱ ውልቅ ይላሉ። ደሞዝ ቢጨመርም ያው ነው። የአካባቢውን ልጆች ማሰልጠን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ካለ ጥራት ገደል ገባ ይላሉ። እናንተስ?

ነርሷ፦
የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ መጀመሪያ ያስቀመጠው ምክር ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ተቀበሉ የሚል ነው። ፊሊፒንስ ሌይቴ ውስጥ በ1976 የተከፈተ የጤና ትምህርት ቤት አለ፤ ተማሪውን መርጦ የሚልከው የራሱ መንደር ነው። መጀመሪያ አዋላጅነት ይማራል፣ ሄዶ ያገለግላል፣ መንደሩ "ጎበዝ ነው፣ ይቀጥል" ካለ ተመልሶ ነርሲንግ ይማራል፣ እንዲህ እያለ እስከ ሐኪምነት ይዘልቃል። መሀል ላይ ቢያቆም እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም፣ መንደሩም አዋላጅ አገኘ።

ተከራካሪው፦
ግዴታን ግን አትናቁት። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ ይወስዳል፣ ወጪውን ያበድራል፣ በመጣበት ክፍለ ሀገር አብዛኛውን ጊዜ 9 ዓመት ካገለገለ ዕዳው ይሰረዛል። እርግጥ እዚህም ዋናው ነገር የአካባቢው ልጅ መሆኑ ነው፣ እሱን አልክድም።

እንግዳ፦
ሁላችሁም መቆየቱን ብቻ ነው ያያችሁት። መተማመኑስ? አንዲት እናት የማህፀን ሕመሟን በትንሽ ልጇ አስተርጓሚነት ስትናገር አስቡት፤ ግማሹን ትውጠዋለች። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ጥቁር ወንዶች በዕጣ ለጥቁር ወይም ጥቁር ላልሆነ ሐኪም ተመደቡ። ጥቁር ሐኪም የደረሳቸው ካወሩ በኋላ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ለማድረግ ይበልጥ ፈቀዱ።

ነርሷ፦
ልክ ነሽ። ግን የአካባቢውን ቋንቋ የሚችለውን ባለሙያ ከራሱ ሥራ እየጎተቱ የሁሉም ክፍል አስተርጓሚ ማድረግ፣ ያውም በነጻ፣ እሱም ሰው ያባርራል። ስለ ነጥቡ ደግሞ፣ መግቢያው ዝቅ አለ ማለት መውጫ ፈተናው ዝቅ አለ ማለት አይደለም። ፈተናው ያው አንድ ነው። ከገጠር የመጣውን ተማሪ የሚጥለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ በጀት ካለ አጋዥ ትምህርቱ ላይ ይዋል።