«ቼሄል ሶቱን»፦ አርባ ምሰሶ ነው አርባ ዓምድ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የኢራኗ ከተማ ኢስፋሃን ሄጄ በፋርሱ ንጉሥ በዳግማዊ ሻህ ዓባስ ዘመን፣ በ1647 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀውን ቤተ መንግሥት አየሁት። ስሙ «ቼሄል ሶቱን» ነው። ቼሄል አርባ ማለት ነው፤ ሶቱን ደግሞ ጣሪያ የሚሸከመው ነው፤ የእሱ አማርኛ ነው ያስቸገረኝ። በረንዳው ሥር ቆሜ አንድ በአንድ ብቆጥር ያገኘሁት ሃያ ነው። አስጎብኚያችን ግን ወደ ገንዳው አዙሮን «ሃያው እዚያ አለላችሁ» አለን። እውነትም ከ100 ሜትር በላይ በሚረዝመው ውሃ ላይ ሃያው ተዘቅዝቆ ይታያል። ነፋስ ሽው ሲል ግን እንኳን አርባው ሃያውም የለም። «አርባ ምሰሶ» ልበለው «አርባ ዓምድ»? አርባውስ እውነት ከውሃው የመጣ ነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ከኋለኛው ልጀምር። የውሃው ነገር ደስ ይላል፤ ለእኔ ግን ለአስጎብኚ የተመቸ ወሬ ነው። ፋርሶች «አርባ» ሲሉ ብዙ ጊዜ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ማለታቸው ነው። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን ባለ ብዙ አምፖል ጌጠኛ መብራት «ቼልቼራግ»፣ አርባ መብራት፣ ይሉታል፤ አምፖሉን ማን ቆጥሮት! የጥንቱን የፋርስ ነገሥታት ከተማ ፐርሰፖሊስንም ድሮ «ቼሄል ሜናር»፣ አርባ ሚናር፣ ይሉት ነበር። የአፓዳና አዳራሹ ሲሠራ 72 ዓምድ ነበረው፣ ዛሬ የቆሙት 13 ናቸው፤ አርባ የሚባል ነገር የለበትም። እዚያው ያለው «መቶ ዓምድ» አዳራሽ ግን አሥር በአሥር ተደርድሮ ልክ መቶ ነበር። እኛስ አርባ ምንጭን መቼ ቆጥረናት እናውቃለን?

«ምሰሶ» ብለህ ብትጽፍ ገጠር ያደገ ሰው ይስቅብሃል። የሣር ቤት ምሰሶው አንድ ነው፣ መሐል ላይ የሚተከለው፤ ግድግዳውን የሚይዙት ቋሚዎች ናቸው። ሃያ ምሰሶ ያለው ቤት የት አይተሃል? «ዓምድ» በለው።

ሌላ መልስ፦
ጋሼ፣ ስለ አርባው ልክ ነዎት፣ በዓምዱ ግን አልስማማም። እኔ ዓምድ ሲባል የሚታየኝ ድንጋይ ነው፤ የላሊበላውን ቤተ መድኃኔ ዓለም ከውጭ ዙሪያውን የከበቡት ዓይነት። የኢስፋሃኑ እኮ እንጨት ነው! ደግሞ የምሰሶ ትርጉም ከሣር ቤት ወጥቷል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እንል የለም? በመንገድ ሙሉ ተደርድሮ።

ጠያቂው፦
እንጨት መሆኑንስ በእጄ ዳስሼ አይቻለሁ። ቀጥ ያለ ቀጭን ግንድ ነው፤ መሐል ያሉት አራቱ ደግሞ የቆሙት በድንጋይ አንበሶች ላይ ነው። ከአንበሶቹ አፍ ድሮ ውሃ ይፈስ ነበር አሉን።

የመስተዋቱን ነገር ላጫውታችሁ። ከበረንዳው ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ግድግዳውም ጣሪያውም በቁርጥራጭ መስተዋት የተለበጠ ነው። አስጎብኚው እያሳየን «አይኔ፣ አይኔ» ሲል ሰውዬው ዓይኑን ታመመ ብዬ ደንግጬ ዞርኩ። ለካ «አይኔ» በፋርስኛ መስተዋት ነው! ከእኛ ዓይን ጋር ዘመድ ይሆን?

መልስ፦
ዘመድ አይደለም፣ ሞክሼ ነው። ዓይን የሴም ቋንቋዎች ቃል ነው፣ ዓረቡም ዕብራይስጡም አለው፤ ፋርስኛ ግን ዘሩ ሌላ ነው። «አርባ ምሰሶ» ይሁንላችሁ እሺ፤ ኤሌክትሪክ አስገብታችሁ አሸነፋችሁኝ።