ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሱቅ እንጀራ ይሆናል ወይ?

የቨርጂኒያዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዩ የእህቴ ነው። የብረት ማነሷ በኪኒን አልስተካከል ሲል ሐኪሟ የደም ምርመራ አዘዘላት፤ ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለው ከመደበኛው ጣሪያ አራት እጥፍ ሆኖ መጣ። ሴሊያክ (ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ሲበላ አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) ሳይሆን አይቀርም ተብላ ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በቀጭን የካሜራ ቱቦ አንጀቷ ታይቶ ናሙና እንዲወሰድ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተቀጥራለች። ይህን እንደሰማች ዳቦና ፓስታ እርግፍ አድርጋ ተወች። እንጀራ ግን «ጤፍ ግሉተን የለውም» ብላ ከሐበሻ ሱቅ የታሸገውን እየገዛች ትበላለች። ሆዷ አሁንም ይነፋል።

ከኢንዶስኮፒው በፊት ዳቦ ማቆሟ ልክ ነው? የሱቁ እንጀራስ ይሆናታል? ቤት እንጋግር ካልን ምን ምን እንጠንቀቅ? ጿሚ ስለሆነች ምግቧ ያው ሽሮና ምስር ነው።

አንጀት_ሐኪም፦
እህቴ፣ አስቸኳዩ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ነው። ዳቦ ማቆሟ ልክ አይደለም፤ ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ መብላት አለባት። ቲቲጂ ምርመራው የሚለካው ግሉተን ስለተበላ ሰውነት በገዛ ራሱ ላይ ያነሣውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግሉተኑ ሲቀር ፀረ እንግዳ አካሉ ይወርዳል፣ የአንጀቱም ግድግዳ ማገገም ይጀምራል፣ ናሙናውም «ደህና ነው» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሰውዬው አለበትም የለበትም ሳይባል መሃል ላይ ይንጠለጠላል። በኋላ እንደገና ግሉተን ብላ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ከበፊቱ ብሶበት አይችለውም።

ዛሬውኑ ወደ ክሊኒኩ ደውላ ያቆመችበትን ቀን ትንገራቸው። የተለመደው ምክር ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ ማዕድ ላይ ግሉተን መብላት ነው። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ በግምት 2 ግራም ግሉተን አለው፤ በቀን ሁለት ሦስት ቁራጭ በቂ ነው። ያቆመችው ከጥቂት ቀን በፊት ከሆነ ቀጠሮው ላይነካ ይችላል፤ ከቆየ ግን ቀኑን ትንሽ መግፋት ይሻላል። ውሳኔው የሐኪሟ ነው።

ኢንዶስኮፒ የሚያደርገውን ሰው አንድ ነገር ጠይቁት፤ ስንት ናሙና ይወስዳል? ጉዳቱ እዚህም እዚያም የተበታተነ ስለሚሆን ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ቢያንስ 4፣ ከጨጓራ መውጫው አጠገብ ካለው እብጥ ብሎ ከሚታየው ስፍራ ደግሞ 1 ወይም 2 ይወሰዳል። አንድ ናሙና ብቻ ወስዶ «የለባትም» ማለት አያስተማምንም።

አንቺም ብትሆኚ መመርመር አለብሽ። የሴሊያክ ሰው ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ከአሥር አንዱ ያህል እሱም አለበት፤ ብዙዎቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። አንቺ ስትመረመሪ ጠቅላላ አይጂኤ (ቲቲጂው የሚለካበት የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) አብሮ ይለካ። አይጂኤ በተፈጥሮው ያነሰው ሰው ቲቲጂው በሐሰት «ንጹሕ» ሆኖ ይወጣል። ለእህትሽ ከፍ ብሎ ስለመጣ ይህ ጥያቄ አይነሣም።

የምጣድ_ባለሙያ፦
ወደ እንጀራው እንምጣ። ጤፍ ራሱ ንጹሕ ነው። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2005 የሴሊያክ ሕመምተኞችን ሕዋሳት ተጠቅመው ሲፈትሹት ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ፕሮቲን አላገኙበትም። ጣጣው ከጤፉ ጋር ያለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው እንጀራ ብዙው ገብስ፣ ስንዴ ወይም «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚባለው ዱቄት ይገባበታል፤ ይህ የመጨረሻው ማለት የስንዴ ዱቄት ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ነው። ርካሽ ነው፣ እንጀራው እንዳይሰባበር ይይዛል፣ መልኩንም ያነጣዋል።

በቁጥር ላስቀምጠው። በቀን ሁለት ትልልቅ እንጀራ ቢበላ ወደ 250 ግራም ዱቄት ነው። ከዚህ አሥር በመቶው ስንዴ ቢሆን 25 ግራም ስንዴ፣ ግሉተኑ ወደ 2 ግራም ይሆናል። ለሴሊያክ ሰው በአብዛኛው ጉዳት የለውም የሚባለው በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ነው የተጨመረው» የተባለው እንጀራ ከሚፈቀደው 200 እጥፍ ነው። የሆዷ መነፋት ምክንያት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መቡካቱም አያድናትም፤ እርሾው ግሉተኑን በልቶ አይጨርሰውም።

ከረጢቱ ላይ ያለውን ስታነቡ ዝርዝሩን በሙሉ አንብቡ። በአሜሪካ ሕግ የአለርጂ ማስጠንቀቂያው ስንዴን በስሙ መጥራት ግዴታው ነው፤ ገብስን ግን መጥራት አይገደድም። የምትገዙት ዱቄት «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ይኑረው፤ ትርጉሙ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በታች ማለት ነው። በ250 ግራም ዱቄት ሲሰላ ቢበዛ 5 ሚሊግራም ነው፣ ያስኬዳል። አይዳሆ የሚበቅለው ጤፍ በዚህ ጽሑፍ ታሽጎ ይገኛል።

አሠራሩ፦ 600 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ ወደ 950 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር እርሾ። እርሾ ከጎረቤት አትዋሱ፤ የሰው እርሾ የሰው ስንዴ ይዞ ይመጣል። 100 ግራም ጤፍ በ150 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በስሱ ሸፍኑት፣ በየቀኑ አማስሉት፣ በሦስት አራት ቀን ይነሣል። የሆምጣጤ ሽታ ደግ ነው፤ ሮዝ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው ሻጋታ ካያችሁ ሁሉንም ድፉት።

ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቡካ። ክረምት ላይ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አራተኛ ቀን ይገባል፤ መብራቱ ብቻ የበራ ኦቨን ውስጥ ማስቀመጥ ያፋጥነዋል። ከላይ የቆመውን ውሃ አጥልላችሁ ከሱ ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ። ከዚያ አብሲት፦ 150 ሚሊ ሊትር ሊጥ በ450 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉ፣ እጅ እስኪችለው አብርዱ፣ ወደ ሊጡ መልሱት። ትኩሱን ከመለሳችሁ እርሾውን ትገድሉታላችሁ፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ስንዴ የሌለበትን እንጀራ የሚይዘው ይህ አብሲት ነው፤ ካሳነሳችሁት በማግስቱ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አረፋው ከፍ ሲል ወደ ምጣዱ።

ምጣዱ የሸክላ ከሆነና ስንዴ የነካው ከሆነ ለእሷ አይሆንም፤ ቀዳዳው ያስቀራል፣ መታጠብም አይወድም። ልሙጡ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ይታጠባል። ማሰሻው ጨርቅ፣ ወንፊቱና ሰፌዱ የብቻዋ ይሁኑ። ሰፌድ እንኳን ለዚህ ለሌላም በደንብ አይጠራም።

የቨርጂኒያዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውላለች፣ ዳቦውም ተመልሷል። እንጀራውን ምርመራው እስኪያልቅ የምንዘጋጅበት ነው እንግዲህ። እናታችን ከአዲስ አበባ የምትልከው ሽሮና በርበሬስ? ደግሞ ዘመድ ሁሉ «ብግነት ያለበት ሁሉ ግሉተን ይተው» እያለ ነው፤ ለአጎታችን የመገጣጠሚያ ሕመም የ200 ምግብ የደም ምርመራ ካልተደረገ ብለው ይዘዋል።

ስነ_ምግብ፦
የእናት ሽሮ ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ወፍጮ ቤት ነው የተፈጨው። ከፊቷ የነበረው ሰው ስንዴ ወይም ገብስ አስፈጭቶ ከሆነ ቅሪቱ በሷ ሽሮ ላይ ይወርዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ብቻ 200 ሚሊግራም ያህል ግሉተን ነው፣ የሃያ ቀን ድርሻ። መፍትሔው ሽሮውን ሳይሆን አሠራሩን መቀየር ነው፦ እናታችሁ ያልተፈጨ ዛላ በርበሬ፣ ያልተፈጨ ኮረሪማና አብሽ ትላክ፤ ሽምብራውን እዛው አሜሪካ ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ አጥባችሁና ቆልታችሁ ስንዴ ባልነካው የቤት መፍጫ ፍጩ። ቆላ ስትሉ በገብስ ቆሎ ማመሻ አይሁን።

ምስርና ክክ ላይ የስንዴ ፍሬ መግባቱ የተለመደ ነው። አንድ ፍሬ 40 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል፣ ግሉተኑ ወደ 4 ሚሊግራም። ሁለት ሦስት ፍሬ የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል። በነጭ ትሪ ላይ ዘርግቶ መልቀም፣ ከዚያ ማጠብ፤ የታጠበ ነገር ለመልቀም አያመችም።

የሚሆንና የማይሆነውን በአጭሩ፦ በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ አምባሻ፣ የስንዴ ጨጨብሳ፣ ጠላ (ብቅሉ ገብስ ነው) አይሆኑም። ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቡላና ቆጮ ይሆናሉ፤ ዱቄታቸው ግን ያው የወፍጮው ጥያቄ አለበት። በማርና በጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ይሆናል። አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ የስንዴ ዝርያ ስለሆነ አይነካ።

ያልተነሣ ነገር ልጨምር፦ ገበታው። አብሮ ሲበላ በአንድ ትሪ ላይ የሷ ንጹሕ እንጀራና የሱቁ እንጀራ ከገጠሙ ወጡ ድንበር አያውቅም። የራሷ ሰሃን ይኑራት፣ ወጡም ቀድሞ ይቀዳላት። ጉርሻ የሚያጎርሳት ሰው እጁ ዳቦ ነክቶ ከሆነ እምቢ ብትል ቅር አይበላችሁ።

ስለ ቁርባንም መጠየቃችሁ አይቀርም። ኅብስቱ ስንዴ ነው። አንድ ግራም እንኳ ቢሆን 70 ሚሊግራም ገደማ ግሉተን ይኖረዋል። ይህን ቁጥር ይዛ ለንስሐ አባቷ ትንገራቸው፤ የሕክምናውን ነገር ካወቁት በኋላ ሥርዓቱን የሚነግሯት እሳቸው ናቸው።

ሆዷ ግሉተን ከተወች በኋላም ቢነፋ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የወተት ስኳርን የሚፈጨው ኢንዛይም የሚሠራው በተጎዳው የአንጀት ጫፍ ላይ ስለሆነ ወተት ለጊዜው ላይስማማት ይችላል፤ አንጀቱ ሲድን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ቅቤ ችግር የለውም፣ እርጎ ከወተት ይሻላል። በጾም ደግሞ ቁሌቱ ራሱ ሊያነፋ ይችላል። የሽንኩርቱ ስኳር በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ትልልቅ ቁራጭ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት አጣፍጦ አውጥቶ መጣል፣ ለመልኩ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ክፍል መጠቀም ይቻላል። ጥራጥሬውን አዳር ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ከሞከሩ በኋላ አንድ በአንድ ይመለሱ፤ ለዘለቄታው የሚኖሩበት አመጋገብ አይደለም።

ከምርመራው በኋላ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቢ12፣ ፎሌትና ቫይታሚን ዲ ይለኩላት፤ ጿሚ ስለሆነች በተለይ ቢ12። የብረት ኪኒኑን ከቡና ጋር አትውሰድ። ቲቲጂው በ6 እና በ12 ወር ይደገማል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ከዓመት በላይ የሚወስድበትም አለ።

አንጀት_ሐኪም፦
የአጎትን ነገር እኔ ልመልስ። የ200 ምግብ ምርመራ የሚባለው የሚለካው አይጂጂ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ነው። አይጂጂ ደግሞ ያን ምግብ በልተሃል ይላል እንጂ ይጎዳሃል አይልም፤ ለዚህ ነው ብዙ የሚበላው ምግብ ሁሉ «ቀይ» ሆኖ የሚወጣው። ጤፍ በየቀኑ የሚበላ ሰው ጤፍ ተው ቢባል አይግረማችሁ። የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር ለዚህ ዓላማ እንዳይታዘዝ በ2008 በይፋ ጽፏል። ገንዘባችሁን ያዙ።

ሴሊያክ ለሌለበት የመገጣጠሚያ ብግነት ግሉተን መተው ይጠቅማል የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ የሚጠቅመው መድኃኒቱን በሰዓቱ መጀመር ነው፣ መገጣጠሚያው አንዴ ከተበላ አይመለስምና። በምግብ ብቻ ብግነት በግልጽ የሚበርድበት ጥሩ ምሳሌ ክሮንስ (ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት) ያለባቸው ልጆች ናቸው፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በሐኪም ክትትል የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይወስዳሉ። አጎታችሁ ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስሮ የሚቆይ ከሆነ፣ የእጁ አንጓዎችም ካበጡ፣ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሐኪም) ቀጠሮ ይያዝለት።