አሮጌ የመስኖ ቦያችን ላይ ተርባይን ለመትከል ምክር ፈለግኩ

ሰላም ወገኖች። ሰሜን ሸዋ፣ ቆላው ላይ የመስኖ ማኅበር አባል ነኝ። ቦያችን አርጅቷል፤ ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል። አንድ ቦታ ላይ ግን ውሃው 4 ሜትር ቁልቁል ይወድቃል፤ እዚያ ላይ በውሃ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተርባይን ልተክል አስቤያለሁ። በሰከንድ 300 ሊትር ለካሁ። 9.81ን (የመሬት ስበትን) በ0.3 ሜትር ኩብ እና በ4 ሜትር ሳባዛው ወደ 12 ኪሎ ዋት መጣ። ብክነቱ ተቀንሶ 7 እንኳ ቢቀር ለመንደራችን ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻችን አሁንም በኩራዝ ነው የሚያጠኑት።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ተርባይኑ ድንገት ቢቆም ከታች ያሉት ገበሬዎች ውሃ መቋረጥ የለበትም። የውሃ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችንም አጥብቀው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ ሽንኩርት ተራው ካለፈው ይጠወልጋል። በጎን ማለፊያ ቦይ ይበቃል ወይስ በራሱ የሚከፈት በር ያስፈልጋል?

ደለሉም ያሳስበኛል። ትናንት ከቦዩ ያወጣነው አሸዋና የማሽላ አገዳ አንድ ጋሪ ሞላ። ክሮስፍሎው ተርባይን (ውሃው መንኮራኩሩን አቋርጦ የሚያልፍበት ዓይነት) ይህን ይችለዋል? ከመግቢያው በፊት ምን ያህል ስፋት ያለው ማጥለያ ላድርግ? የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።